ሲሚንቶ ላይ የተቀባ አውድማ

እናቴ የወደቀችው በእኔ ቤት አልነበረም። አይከል አጠገብ ካለው ቀዬዋ ብዙ በማይርቅ አንድ ለቅሶ ቤት፣ ክረምት ላይ፣ ሊሾ በተደረገ በረንዳ ላይ ነው። ሊሾ የምንለው ሲሚንቶው ሳይደርቅ በግንበኛ የብረት ማንኪያ ተደጋግሞ ታሽቶ እንደ ብርጭቆ የሚለሰልሰውን ወለል ነው። ዝናብ አካፍቶ ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ ጭቃ እግሩን ይዞ ወጣበት፤ እናቴም ወጣችና አዳለጣት። ዳሌዋ ተሰነጠቀ። ጎንደር ያከማት ሐኪም አጥንቱ መግጠሙን ካየ በኋላ ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጥቶ፣ "አሁን ድነዋል። ሁለተኛ ከወደቁ ግን እንዲህ የሚነሡ አይመስለኝም" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች። "ትኖራለች" የምለው እኔ ነኝ። እሷ ስትጠየቅ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "በዓሉ ይለፍ እንጂ እሄዳለሁ።" በዓሉ ደግሞ አያልቅም፤ መስቀል ሲያልፍ ገና፣ ገና ሲያልፍ ጥምቀት ይመጣል። ቀዬዋ ላይ ግን አብሯት የሚያድር ሰው የለም። ቤቷ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ውሃ የሚወርደው በደጃፏ ነው። እዚያ ብቻዋን ብትወድቅ የሚያነሣት ሰው የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ማሰብ አልወድም ነበር።

ፀዳ ከጎንደር ወጥቶ ወደ አዘዞ ሲኬድ ያለ፣ ቤቱ ከመንገዱ የሚቀድምበት ሰፈር ነው። የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ጫማ ይነጥቃል። በመጀመሪያው ክረምት እናቴ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ግቢው በር አንድም ቀን ብቻዋን አልሄደችም። በሩ ሥር ዱካ በምንለው አጭር የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ስታይ ከረመች። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ ጭቃውን አቋርጣ ስትሄድ በዓይኗ ተከተለቻትና፣ "ዶሮ እንኳ ትወጣለች" አለች። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ግቢውን አርማታ ማስሞላት እንዳለብኝ ያን ጊዜ ወሰንሁ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ግንበኛ አመጣሁ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ግቢውን ለካ፣ በእርምጃው ዞረ፣ በመጨረሻ፣ "ፊኒሺንጉስ ምን ይሁን?" አለኝ።

"ሲሚንቶ ሲሚንቶ አይደለም እንዴ?"

"እህቴ፣ ፀጉር ቤት ገብተሽ 'ፀጉር ፀጉር ነው፣ ዝም ብለሽ ሥሪኝ' ትያለሽ?"

የሚመረጥ ነገር መኖሩን ያወቅሁት በዚህ ነው። ሊሾ ሊሆን ይችላል። ወይም ሳይደርቅ ላዩ በመጥረጊያ ይጫርና ቀጫጭን መስመር ይወጣበታል። ወይም ላዩ በውሃ ታጥቦ ውስጡ ያለው ጠጠር እንዲታይ ይደረጋል። ወይም በእንጨት ብቻ ታሽቶ እንደ አሸዋ ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ግንበኛው ሁሉንም እኩል አሞገሰ። ለእሱ ሁሉም ሥራ ነው። ሥራዬ ዜና ስለሆነ፣ ሁሉን እኩል የሚያሞግስ ሰው ሲገጥመኝ ሌላ ምንጭ መፈለግ ልማዴ ነው። "የሳምንት ጊዜ ስጠኝ" አልሁት።

በዚያ ሳምንት ጎንደርን በእግሬ ሥር ባለው ነገር ብቻ አየኋት። ለዓመታት ስመላለስባት ቀና ብዬ የማይ ሰው ነበርሁ፤ ሰው፣ ሰልፍ፣ ሕንፃ። አሁን አንገቴን ደፍቼ መሄድ ጀመርሁ። ከዚህ በፊት ያልጠየቅሁትን ጥያቄ መጠየቅም ጀመርሁ። ይሄ ለምን ይይዛል? ያኛው ለምን ያዳልጣል? ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች ያንዱ መግቢያ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ክረምት ላይ በዚያ በር ስገባ ሁልጊዜ ካርቶን ተነጥፎ አገኛለሁ፤ ግን ካርቶኑ የማን ጥፋት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሳስበው ከተማው ውስጥ የሚያምር ወለል ያለው ቤት ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ካርቶን ያነጥፋል። ሰው ብዙ ወጪ አውጥቶ ያሠራውን ወለል ለአራት ወር ይሸፍነዋል ማለት ነው።

ወቅቱ በጋ ስለሆነ በቦርሳዬ የውሃ ጠርሙስ ይዤ እዞር ነበር። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ትንሽ አፍስሼ በጫማዬ ጫፍ ሳሸው ጥበቃው መጣ።

"ምነው እህቴ፣ ምን ወደቀብሽ?"

"ምንም። ያዳልጥ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

"ታዲያ ወድቀሽ ልታረጋግጪ ነው?" አለና ወለሉን ራሱም በጫማው ሞከረው። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ "ያዳልጣል" አለ። "ባለፈው ክረምት አንድ ሙሽራ ከነሚዜው ተንሸራቷል። ከእኔ እንዳልሰማሽ።"

ኮብልስቶኑ ይይዛል፤ ግን በሁለት ድንጋይ መካከል የምርኩዝ ጫፍ ይገባል። ነዳጅ ማደያው ግቢ በመጥረጊያ የተጫረ ሲሚንቶ ነው፤ ዘይት እንኳ ፈስሶበት አላዳለጠኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የጥምቀቱ ገንዳ ወዳለበት ወደ ቀሐ ወረድሁ። የጥምቀቱ ሰው ከሄደ ገና ሳምንት ስለነበር ገንዳው ዙሪያ እርጥበት አለ። እዚያ ያሉትን ድንጋዮች ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ስዳስስ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ሰው የሚበዛበት መሃል መሃሉ ለስልሷል፤ ግንቡን ተጠግቶ ያለው ግን ሲጠረብ እንደነበረው ሆኖ ይፍቃል። ያው ድንጋይ ነው፣ አንድ ቀን የተጠረበ ነው። ይህን ለግንበኛው ስነግረው፣ "እንግዲህ እግር መከልከል ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

በስተመጨረሻ፣ ክርክሩ እንዲያልቅ፣ ወጥ ቤቱ ጀርባ አራቱንም ዓይነት በትንሽ በትንሹ እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት። አንዱ ከሌላው አጠገብ፣ እያንዳንዳቸው የጸሎት ምንጣፍ የሚያህሉ። ሲደርቁ ውሃ አፈሰስሁባቸውና እናቴን ጠራኋት። ጫማዋን አወለቀች። ግንበኛው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ክንዷን ያዝናት።

"እማማ፣ አይፍሩ፣ ይርገጡት" አላት።

"ማን ፈራ? እናንተ ናችሁ እንደ እስረኛ የያዛችሁኝ።"

ጠጠሩ የወጣበትን ረገጠችና ፊቷን አጨማደደች። "ይሄ ለእግር አይደለም፣ ለንስሐ ነው። ከዚህ የሚሻለኝ ቄሱ ሃምሳ ስግደት ቢያዙኝ።" በእንጨት የታሸው ላይ ቆም አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች። በመጥረጊያ የተጫረውን በአውራ ጣቷ ወዲህ ወዲያ ፈተገችው፤ "የታረሰ ነው የሚመስለው" አለች። ሊሾው ላይ ስትደርስ አልረገጠችውም። ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና በመዳፏ አበሰችው። ከዚያ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

"ይሄ ሸጋ ነው።"

ግንበኛውና እኔ ተያየን።

"እማዬ፣ አንቺን የጣለሽ እኮ ይሄ ነው።"

"እኔን የጣለኝ ውሃው ነው። ይሄ ምን አደረገኝ?"

"ውሃውስ ያዳለጠሽ ሊሾ ላይ ስለሆነ አይደል? ለምንድን ነው የወደድሽው?"

"ጤፍ ይሰጣበታላ!" አለችኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ ገርሟት።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የእናቴን መሬት የወንድሟ ልጅ በእኩል ያርሰዋል። ከአይከል በየዓመቱ ድርሻዋ ይመጣል፤ ጤፉን ወደ ወፍጮ ከመላኳ በፊት አጥባ አሸዋውን ታወጣና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። በእኔ ቤት የራሷ የሆነ ሥራ ያ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጭቃውና አቧራው አላሠራ ሲላት የፕላስቲክ ሸራ ገዝቼ አንጥፌላት ነበር። አልወደደችውም። ሸራው ሥር ሥሩን ያልበዋል፣ ጤፉ ይሸታል ትላለች። እኔ የማስበው ስለ እግሯ ነው። እሷ የምታስበው ስለ ጤፏ ነው። ጤፍ ደግሞ ካለን እህል ሁሉ ትንሹ ነው፤ መጥረጊያ የጫረው መስመር ውስጥ ከገባ ጣትም ሰፌድም አያወጣውም።

ይህን ሁሉ ተረድቼም የወሰንሁት መጥረጊያውን ነው። የሐኪሙ ቃል ከጤፉ በለጠብኝ። አርማታው በተሞላ ቀን ግንበኛው አዲስ የጭራሮ መጥረጊያ ይዞ ከበሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ሲጭረው እናቴ ዱካዋ ላይ ሆና ታይ ነበር። "ቀጥ አድርገህ እረስ እንጂ" አለችው አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ላዩን ጆንያ አልብሰን ውሃ ስናጠጣው ሰነበትን። ሲገለጥ ግራጫ፣ ጥርት ያለ፣ መስመሩ እኩል ነበር። በባዶ እግሬ፣ በጫማ፣ በሳሙና ውሃ ሞከርሁት። ያዘኝ። ምርጫዬ ትክክል እንደሆነ አልተጠራጠርሁም።

የካቲት ላይ ለሥራ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። እዚያ ብርድ ነው፤ መንገዱም ተዘግቶ ካሰብሁት በላይ አቆየኝ። እዚያ እያለሁ የእናቴ ጤፍ መምጣቱን ጎረቤታችን በስልክ ነገረችኝ። ይቺ ጎረቤት ሁለት ላም ያላት፣ ከእናቴ ጋር ቀኑን ሙሉ የምታወራ ሴት ናት። "እናትሽ ደህና ናቸው፣ ሥራ ላይ ነን" አለችኝ። ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ግን አልጠየቅሁም።

ስመለስ የግቢውን በር ከመክፈቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ደስ የማይል ሽታ አይደለም፤ ልጅ ሳለሁ መኸር ሲደርስ የማውቀው ነው። በሩን ከፈትሁ። ግራጫው ሲሚንቶ የለም። ከግድግዳ እስከ አጥር ግቢው በሙሉ የደረቀ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ቡና ቀለም ሄዷል። በእበት ለቅልቀውታል። መሃሉ ላይ ጤፉ ስስ ሆኖ ተሰጥቷል፤ እናቴ ዳር ላይ ተቀምጣ ዶሮ ትከላከላለች።

"መጣሽ? እይማ፣ ሸጋ አውድማ ሆነልን" አለችኝ።

ገጠር ያላደገ ሰው ካነበበው፦ አውድማ እህል የሚወቃበት ቦታ ነው። ሣሩ ተልጦ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ በእበት ይለቀለቃል። እበቱ ሲደርቅ ስንጥቁን ይደፍናል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ከእህሉ ጋር አሸዋ አይገባም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ይህንን ነው። የተጫረ መሬት አየች፣ የደፈነችው በምታውቀው ነገር ነው።

አልተቆጣሁም። ተንበርክኬ በጥፍሬ ጫርሁት። መስመሩ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ላዩ እንደ ቆዳ ልስልስ ብሏል። አንድ ፍሬ ጤፍ እንኳ ቀርቶ አላየሁም። ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር። በጋው እስካለ ድረስ ምንም ችግር የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። "ዝናብ ሳይመጣ እናጥበዋለን" አልኋት። "ጤፌ ይለቅ እንጂ" አለች። ጤፉ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይታጠብም፤ ለአንድ ወፍጮ የሚበቃው እየተቀነሰ በየተራው ነው።

በዚያው ሰሞን ግንበኛው ትቶት የሄደውን ጣውላ ሊወስድ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"እማማ! ሰው ሲሚንቶ ላይ እበት ይቀባል?"

"ሰው መሬት ላይ ሲሚንቶ ይቀባ የለም?"

"ለሰው እንዳትነግሩ። ይሄን የሠራሁት እኔ መሆኔ ከታወቀ ሥራ አላገኝም።"

"ምነው? ሠርቶ የጀመረው እሱ ነው፣ የጨረስሁት እኔ ነኝ እላለሁ" አለችው። ጣውላውን ተሸክሞ እየሳቀ ወጣ።

ግንቦት ላይ፣ ገና ክረምት ነው ብሎ ማንም ባላሰበበት እሑድ፣ ደመናው ከአዘዞ በኩል መጣ። እኔ ከውጭ መግባቴ ነበር። እናቴ ቤት ውስጥ ናት፤ የመጨረሻው ጤፍ ግቢው ላይ ተሰጥቷል። በሩን ስከፍት ትላልቅ ጠብታዎች መውደቅ ጀመሩ፣ ወዲያው ወረደ። እናቴ ብቅ አለች።

"እማዬ፣ እንዳትወጪ! እኔ አነሣዋለሁ! እዚያው ሁኚ!"

ይህን እየጮህሁ ሮጥሁ። የረጠበ እበት ከሳሙና ይብሳል። ሁለት እግሬ ባንድ ጊዜ ከሥሬ ሄደና በጀርባዬ ተዘረርሁ፤ ተንሸራትቼም ጤፉ ዳር ደረስሁ። ሰማዩን እያየሁ ያሰብሁት የሐኪሙን ድምፅ ነው። ቀና ስል እናቴ ወጥታለች።

ምርኩዟን ትታ ሰፌድ ይዛለች። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃለች። በመሃል አልመጣችም፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች፣ ከጣራው ጠርዝ ውሃው በሚወርድበት ሥር፣ ቀስ ብላ መጣች። ባለፉት ቀናት ጠዋት ጠዋት ከጣራው የሚንጠባጠበው ጤዛ፣ አሁን ደግሞ የዝናቡ ውሃ፣ እዚያ ያለውን እበት አጥቦት ነበር። ግራጫው መስመር እንደ ቀበቶ ወጥቷል። እናቴ የምትረግጠው እሱን ነው። በእኔ አቅጣጫ ስትደርስ ቆመች።

"ተሰበርሽ?"

"አልተሰበርሁም።"

"እንግዲያ ተነሺ፣ ጤፉ እየሄደ ነው።"

ተንበርክኬ በነጠላዬ አፈስሁት። እሷ ከመስመሩ ሳትወጣ ሰፌድ ታቀብለኛለች። የተረፈው ተረፈ፤ የቀረው ከውሃው ጋር ወደ በሩ ሄደ፤ የጎረቤት ዶሮዎች በኋላ ደስ ብሏቸው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ እኔ ከእግሬ እስከ ራሴ እበት ለብሼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ ግን አልገባችም። ግድግዳውን ይዛ ባዶ እግሯን እዚያ ግራጫው መስመር ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ትፈትጋለች። ከዚያ ጣቷን ወደ እበቱ ዘርግታ ነካ አደረገችና መለሰችው። እንደገና ሞከረች። እኔ በቦርሳዬ ውሃ ይዤ ከተማውን ስዞር የነበረው ትዝ አለኝ።

"ይሄኛው ምነው ይይዛል?" አለችኝ።

"ያ የጠላሽው ነው። ግንበኛው የጫረው።"

"ጠላሁት አላልሁም። የታረሰ ይመስላል ነው ያልሁት።" ከዚያ ለራሷ የምታወራ ያህል፣ "አውድማም እኮ ክረምት አይከርምም። ግንቦት ላይ ማን አውድማ ይጠብቃል? ሣር በቅሎበት ይከርምና ኅዳር ላይ እንደገና ይላጣል፣ እንደገና ይለቀለቃል" አለች።

በማግስቱ ጎረቤታችን፣ እኔና አንድ ጠንካራ ብሩሽ ግቢውን አጠብነው። ስንፈትገው እናቴ ዱካዋ ላይ ሆና ያልለቀቀውን በምርኩዟ ታሳየናለች። ከሰዓት በኋላ መስመሮቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ወጡ። ወለል አንድ ጊዜ ተመርጦ የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ያን ሁሉ የጠየቅሁትም ለዚያ ነው። ከጠየቅኋቸው ሰዎች ውስጥ ክረምቱን አንድ፣ በጋውን ሌላ አድርጎ የመለሰልኝ አልነበረም። እኔም እንደዚያ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል የእናቴ ዱካ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። በመስኮት ሳይ ነጠላዋን ተከናንባ ግቢው መሃል ላይ ናት። ምርኩዟን ይዛለች፤ ግን ከመሬት አንሥታ ነው የያዘችው። ልወጣ ፈልጌ መጋረጃውን ይዤ ቆምሁ። አልሮጠችም፣ ግድግዳም አልፈለገችም። የግቢው በር ጋ ደረሰች፣ መቀርቀሪያውን ሳበች፣ በሩን ገፍታ ከፈተችው። ያቺ ዶሮ ልትገባ ስትል በምርኩዟ መለሰቻት።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ላሞቿን እያወጣች ነበር። ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ማውራት ጀመሩ፤ ከርቀቱ የተነሣ ሁሉንም አልሰማሁም። የሰማሁት የእናቴን የመጨረሻ ቃል ነው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

"ለኅዳር የሚሆን እበት እንዳትነፍጊኝ። ከአሁኑ ነግሬሻለሁ!"